ሻምበልና ኢንሹራንሱ

አሜሪካ ውስጥ የውሻ ኢንሹራንስ ከሰው የጤና ኢንሹራንስ ጋር አንድ መደብ ውስጥ አይገባም። የሚመደበው ከንብረት ኢንሹራንስ ጋር ነው፤ ከቤቱ፣ ከመኪናው፣ ከጀልባው ጎን። ይህን ባነበብኩበት ምሽት ሶፋው ላይ ተንጋልሎ የሚያንኮራፋውን ንብረቴን ዞር ብዬ አየሁት። መኪናዬ ስንት ጉድ አለባት፤ ሶፋ ቀምታኝ ግን አታውቅም።

ንብረቱ ሻምበል ይባላል። ስሙን ያወጣለት የባለቤቴ ወንድም ነው። ገና ቡችላ ሳለ ደረቱን ነፍቶ ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር ሲቃኝ አይቶ “ይኼማ ሻምበል ነው” አለና በዚያው ጸና። የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው፤ ሐበሻ የማይገኝበት መናፈሻ የለም። አንድ ቅዳሜ “ሻምበል! ቆሻሻውን ተውና ና!” ብዬ ስጮህ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ጋዜጣ ያነቡ የነበሩ አንድ ሽበታም አባት ቀጥ ብለው ተነሡ። ለካ ሰውዬው በእውነት ሻምበል ነበሩ። ነገሩን ሳስረዳቸው ውሻውን ከራሱ እስከ ጭራው ገመገሙትና “ማዕረጉ አልበዛበትም?” አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ባገኙን ቁጥር ሰላምታ የሚሰጡት ለሱ ነው።

ዘንድሮ ሻምበል 11 ዓመት ሞላው። አባቱ ላብራዶር ነው፤ እናቱን የሚያውቅ የለም። ትልልቅ ውሾች 7 ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ሐኪሞች ከአረጋውያን ጋር መቁጠር ይጀምራሉ፤ ትንንሾቹ ግን እስከ 10 ዓመት ድረስ ጎረምሳ ነን ብለው መቆየት ይችላሉ። የውሻ ዕድሜ በ7 ይባዛል የሚለውን ስሌት ሁላችንም ሰምተናል፤ በዚያ ከሄድን ሻምበል የ77 ዓመት ሽማግሌ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ግን የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ ተመራማሪዎች የላብራዶሮችን ዘረ መል መርምረው ሌላ ቀመር አወጡ። በነሱ አቆጣጠር አንድ ዓመት የሞላው ውሻ የ31 ዓመት ሰው ነው፤ ማለትም ኪራይ መክፈል የነበረበት። ከዚያ በኋላ እርጅናው እየተንቀራፈፈ ይሄዳል፤ ሻምበልም ወደ 69 ይወርዳል። እናቴ 76 ዓመቷ ነው። በፊተኛው ስሌት ታላቋ፣ በኋለኛው ታናሿ መሆኑን ስነግራት “የኋለኞቹ ተመራማሪዎች ናቸው የተማሩት” አለች።

ኢንሹራንስ የሚለው ሐሳብ የመጣብኝ ከሥራ ቦታ ነው። የባልደረባዬ ውሻ ኳስ ስታሳድድ የጉልበቷ ጅማት ተበጠሰ፤ የቀዶ ሕክምናው ሒሳብ በሺዎች ዶላር መጣ፤ ኢንሹራንስ ስለነበራት አብዛኛው ተመለሰለት። ቡናውን እያጣጣመ ሲያወራው ቀናሁበት። ማታ ኮምፒውተሩን ከፍቼ ፎርም መሙላት ጀመርኩ።

በዚያ ሰሞን እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ዘንድ ነበረች። ጉለሌ፣ ሰፈራችን ውስጥ፣ የሴቶች እድር ሰብሳቢ ሆና ብዙ ዘመን አገልግላለች። መነጽሯን አጥልቃ ጎኔ ተቀመጠች።

“ምን እየሞላህ ነው?”

“ሻምበልን ኢንሹራንስ ላስገባው ነው፣ እማዬ።”

ጥቂት ዝም አለች። “እድር በለኛ! እኛ ግቢ ውሻው የሚበላው ትራፊ ነበር፤ እዚህ እድር ይገባል። የጃንሆይ ውሻ ሉሉ እንኳን እድር አልነበራትም።”

“ሉሉማ ምን ጎደላት?”

“እሱስ እውነት ነው። በል ቀጥል፤ በወር ስንት ነው?”

ነገርኳት፤ ከመቶ ዶላር በላይ ነው፣ በየዓመቱ ውሻው ባረጀ ቁጥር ይጨምራል። በልቧ ወደ ብር ስትመነዝር ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

“ሲታመም ይመጣሉ?”

“አይመጡም።”

“ሲሞትስ? ድንኳን?”

“እማዬ፣ ድንኳን የለም።”

“እሺ፣ ሐኪሙን ይከፍሉታል?”

እዚህ ላይ ነገሩ ረቀቅ ይላል። አብዛኞቹ ሐኪሙን አይከፍሉም። ከፋዩ እኔ ነኝ፤ ከዚያ ደረሰኙን እልካለሁ፤ እነሱ አይተው የተወሰነውን ይመልሳሉ። ሒሳቡ 1,000 ዶላር መጣ እንበል። መጀመሪያ ዲዳክቲብል የሚሉት አለ፤ ኩባንያው አንድ ሳንቲም ከማውጣቱ በፊት ከኔ ኪስ የሚወጣው ነው፤ 250 ይሁን። ከቀረው 750 ላይ 80 በመቶውን ይመልሳሉ፤ 600 ዶላር። 400ው የኔ ነው። በየወሩ የከፈልኩት ሳይቆጠር።

“ስለዚህ እድሩ አንተ ነህ” አለች።

እናቴን ያላስደነቃት የመቆያ ጊዜ የሚባለው ብቻ ነው። እድርም ቢሆን ዘግይቶ የመጣን ሰው ዝም ብሎ አያስገባም፤ መመዝገቢያ ያስከፍለዋል፤ አንዳንዱ ነባሮቹ እስካሁን ያዋጡትን አስልቶ ያካክሰዋል። እዚህ ተመዝግቦ ሽፋኑ እስኪጀምር ለሕመም 14 ቀን መጠበቅ የተለመደ ነው፤ ለጉልበት ጅማት አንዳንድ ኩባንያ 6 ወር ድረስ ይወስደዋል። የየክፍለ ግዛቱ ኢንሹራንስ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሞዴል ሕግ ለሕመም ከ30 ቀን በላይ አታስጠብቁ፣ ለድንገተኛ አደጋ ጨርሶ አታስጠብቁ ብሏል፤ ግን ሞዴል ነውና የሚሠራው ክፍለ ግዛቱ ሲያጸድቀው ነው። “ደግ ብለዋል” አለች እናቴ፤ “ቀብር ላይ ቆመው የሚመዘገቡ ሰዎች ነበሩብን።”

ያስቆጣት ቀጥሎ የመጣው ነው፤ ቀድሞ የነበረ ሕመም። ኩባንያው ውሻው ከተወለደ ጀምሮ ያለውን የሐኪም መዝገብ ይጠይቃል። እዚያ ውስጥ የተጻፈ፣ ወይም ምልክቱ ብቻ የታየ ነገር ሁሉ ከሽፋኑ ይወጣል። ሻምበል ገና ጎልማሳ ሳለ በረዶ ላይ ተንሸራቶ ግራ የኋላ እግሩን ለጥቂት ቀን አንክሶ ነበር። ሐኪሟ አይታ “ደህና ነው” ብላ፣ ደህና መሆኑንም ጽፋ ሰደደችን። በዚያች መስመር ምክንያት የግራ ጉልበቱ ወጣ። የግራው ከወጣ ደግሞ የቀኙም ይወጣል፤ ጥንድ የሆነ አካል ካለ የአንዱ ሕመም ለሌላውም ይቆጠራል የሚል አንቀጽ አላቸው። ጆሮው አንድ በጋ አሳክኮት ነበር፤ ጆሮዎቹ ወጡ። ቆዳው ተቆጥቶ ነበር፤ ቆዳው ወጣ። በመጨረሻ ከሻምበል ኢንሹራንስ የሚገባለት ምኑ እንደሆነ ስንቆጥር፣ እናቴ “ጭራው ተርፏል” አለች።

ለሰው ይህ ነገር ቀርቷል። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጤና ኢንሹራንስ ድርጅት ቀድሞ ታመህ ነበር ብሎ ሰው መመለስ ወይም ዋጋ መጨመር አይችልም፤ የኦባማው ሕግ ነው ያስቀረው። ሻምበል ግን፣ ከላይ እንዳልነው፣ ንብረት ነው።

አሁን የነገሩን ምፀት ተመልከቱ። እኔ ውሻዬን በየጊዜው ስላስመረመርኩ ሐኪሟ እያንዳንዷን እከክና እያንዳንዷን ማንከስ ጻፈች፤ ያ ወፍራም ፋይል ሄዶ መሰከረብኝ። ውሻውን ሐኪም ቤት ደጃፍ አድርሶት የማያውቅ ሰው ፋይሉ ነጭ ወረቀት ነው። ብልጥ ሰው እሱ ይመስላል። ግን እሱም አያመልጥም። ብዙዎቹ ውሎች ውሻው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲመረመር፣ ክትባቱ እንዲሟላ፣ ሐኪም ያዘዘው የጥርስ ጽዳት እንዲፈጸም ግዴታ ያስገባሉ፤ ካልተፈጸመ በዚያ ሳቢያ ለመጣው ሕመም አንከፍልም ይላሉ። አንዳንዶቹ ሲመዘገቡም ባለፉት 12 ወራት የተደረገ ምርመራ ማስረጃ ይፈልጋሉ። ያስመረመረ በመዝገቡ፣ ያላስመረመረ በመዝገብ ማጣቱ። እናቴ መነጽሯን አወለቀችና “እንዲህ ያለ እድር ብመራ ኖሮ ቤታችን አራት ፎቅ ይሆን ነበር” አለች።

ፍርዱ ግን ሚዛኑን መሳት የለበትም። ውሻው ከታመመ በኋላ መመዝገብ ቢፈቀድ፣ በጤናው ጊዜ መዋጮ የሚከፍል አይኖርም፤ ይህን ከእናቴ በላይ የሚያውቅ የለም። ኢንሹራንሱ የተበጀው ለቡችላ ነው። ስዊድን ውስጥ አብዛኛው ውሻ ኢንሹራንስ አለው፤ ብዙው ገና በቡችላነቱ የገባ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1982 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው የውሻ ውል የተጻፈው ለቴሌቪዥኗ ላሲ ነበር፤ በየሳምንቱ ከገደል ሰው የምታወጣ ውሻ የተረፋት ጉልበት እንዴት እንደተገመተ አላውቅም እንጂ። አንዳንድ ኩባንያ ከ14 ዓመት በላይ የሆነን ውሻ ጨርሶ አይመዘግብም፤ አንዳንዱ ለአደጋ ብቻ ይቀበለዋል። ለ11 ዓመቱ ሻምበል የቀረበልኝ ውል እንግዲህ ውድ መዋጮ፣ ሁለት የሌሉ ጉልበቶችና አንድ ጭራ ነበር።

ዌልነስ የሚሉት ተጨማሪ ጥቅልም አለ። መደበኛው ውል ክትባትና መደበኛ ምርመራ አይጨምርም፤ ዌልነሱ ግን ለነዚህ የተወሰነ ይመልሳል። ሒሳቡን ሠራሁት፤ የሚሰበስበውና የሚመልሰው ከሞላ ጎደል ተቀራራቢ ነው። የራሴን ገንዘብ አዙሬ ለራሴ ከምልክ ብዬ ተውኩት። ፎርሙን ዘጋሁና በምትኩ ለሐኪሟ ደወልኩ።

ለሽማግሌ ውሻ ሐኪሞች የሚመክሩት በዓመት ሁለት ጊዜ ምርመራ ነው። ስድስት ወር ለሱ ረጅም ዘመን ነው፤ ብዙ ነገር ይበላሻል። እናቴ አብራኝ ልትሄድ ፈለገች፤ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ለቅሶ የምትሄድ መስላ መጣች። በር ላይ ያለችው ልጅ “ሚስተር ሻምቤል!” ብላ ስትጠራ ደግሞ ተነሥታ አብራ ገባች።

መጀመሪያ ሚዛን ነው። እናቴ ገና ከመጣች ጀምሮ “ይኼ ውሻ ከስቷል፤ አታበሉትም እንዴ?” ስትል ነው የከረመችው። ሚዛኑ ግን ሻምበል ከሚገባው 9 ፓውንድ በላይ መሆኑን ተናገረ። ሐኪሟ እጇን ጎኑ ላይ አሳርፋ፣ የጎን አጥንቱ ሲዳሰስ ሊታወቅ እንደሚገባ አሳየችን። የሻምበል የጎን አጥንት በወሬ ነው የሚታወቀው። ስለ ላብራዶሮች አንድ የታወቀ ጥናት አለ፤ ከአንድ እናት ከተወለዱት ግማሾቹን ከጓደኞቻቸው 25 በመቶ ያነሰ ምግብ እየሰጡ ዕድሜ ልካቸውን ተከታተሏቸው። ትንሽ የበሉት በአማካይ 1.8 ዓመት ያህል በለጡ፤ ቁርጥማቱም ዘግይቶ መጣባቸው። ይህን ስተረጉምላት እናቴ ወደ ጣሪያው ማየት ጀመረች። ረፋድ ላይ፣ እኔ ሥራ ስሄድ፣ ቤት ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ያን ጊዜ ገባኝ።

ከዚያ ዓይኑ። ሰማያዊ ጉም የመሰለ ነገር ጋርዶታል፤ እናቴ “የዓይን ሞራ ነው፣ እኔንም ይዞኝ አስወጥቼዋለሁ” አለች። ሐኪሟ በመብራቷ አየችና አይደለም አለች፤ ሌንሱ በዕድሜ ሲጠጥር የሚታይ ነው፣ ማየቱን ብዙም አይከለክለውም። ደረቱ ሥር ያበጠውን በመርፌ ቀድታ በማይክሮስኮፕ አየችው፤ ስብ ብቻ ነው። በሽማግሌ ውሻ ላይ እንዲህ ያለ እባጭ የተለመደ ቢሆንም በእጅ ዳሰሳ ብቻ መፍረድ አይቻልም፤ መርፌው የግድ ነው። ደሙ ተቀዳ፤ ኩላሊትና ጉበቱ፣ ስኳሩ፣ ታይሮይዱ ይታይበታል። ሽንቱም እንዲሁ፤ ኩላሊት መድከም ሲጀምር ቀድማ የምትናገረው ሽንት ናትና። የልብ ትል ምርመራ በየዓመቱ አለ፤ ይህ ትል የሚተላለፈው በትንኝ ነው፤ ከገባ በኋላ ሕክምናው ለወራት የሚቆይ፣ ውሻውን መሮጥ የሚያስከለክል አስቸጋሪ ነገር ነው፤ በየወሩ የምትሰጠው መከላከያ ግን አንዲት እንክብል ናት። ቨርጂኒያ መዥገር የሞላበት አገር ነውና ላይም የሚባለውን በሽታም በዚያው ደም ያዩታል።

ለእብድ ውሻ በሽታ መከላከያው ክትባት ሲደርስ እናቴ ቆማ ተከታተለች። እዚህ ሕግ ነው፤ ቨርጂኒያ ውስጥ 4 ወር የሞላው ውሻ ሁሉ መከተብና ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ ከመጀመሪያው ክትባት በኋላ ያለው እስከ 3 ዓመት ያገለግላል። በእናቴ ልጅነት ውሻ የነከሰው ሰው የሚወሰደው ፓስተር ነበር፤ ሆድ ላይ በየቀኑ ይወጋ የነበረውን መርፌ ያየ ሰው አይረሳውም። አንዲት መርፌ በውሻው ጀርባ ላይ ሳያውቃት ስትገባ አይታ “ያኔ ለውሾቹ ይህችን ብንሰጥ ስንት ሆድ ይተርፍ ነበር” አለች። ከዚያን ቀን ንግግሯ ሁሉ ትክክለኛው ይኼ ነበር።

ቁርጥማቱ ላይ ተጣላን። ሻምበል ጠዋት ሲነሣ የኋላ እግሩ ይገተርበታል፤ ደረጃ ሲወጣ ያስባል። እናቴ ለራሷ ጉልበት ከምትውጠው አይቡፕሮፌን ግማሹን ልትሰጠው ቦርሳዋን ከፍታ ነበር። ሐኪሟ ይህን ስትሰማ ደነገጠች። አይቡፕሮፌንም አሴታሚኖፌንም ለውሻ መርዝ ናቸው፤ ጨጓራውንና ኩላሊቱን፣ ጉበቱንም ይጎዳሉ። ለውሻ ተብሎ የተሠራ ማስታገሻ አለ፤ እሱም ጉበት በደም ምርመራ እየታየ ነው የሚሰጠው። በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ በወር አንድ ጊዜ የሚወጋ የቁርጥማት መርፌ እዚህ ተፈቅዷል። እናቴ “ለኔስ የለም?” ብላ ጠየቀች፤ ተረጎምኩላት፤ ለሰው አይሆንም ተባለ። ቅር አላት።

የመጨረሻው ጥርስ ነው። አብዛኛው ውሻ ገና 3 ዓመት ሲሞላው ድዱ መታመም ይጀምራል፤ ሻምበል ሲያዛጋ እንግዳ የሚሰናበተው ለዚህ ነው። ጥርሱ በደንብ የሚጸዳው በማደንዘዣ ተኝቶ ነው፤ ከድድ ሥር ያለው ቆሻሻ ነቅቶ እያየ አይነካለትምና። ከማደንዘዣው በፊት ልቡም ደሙም መታየት አለበት። ቤት ውስጥ ደግሞ በየቀኑ መቦረሽ ይመከራል፤ የሰው የጥርስ ሳሙና ግን ክልክል ነው፣ የውሻ የተለየ አለው። “መፋቂያ አይሻለውም?” አለች እናቴ። ሻምበል እንጨት ሲያገኝ ይበላዋል እንጂ አይፍቅበትም።

ስንወጣ የከፈልኩት ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ሆኖም ለኩባንያው በየወሩ ልከፍል የነበረውን ባንክ ውስጥ ለብቻው ማስቀመጥ ጀምሬአለሁ፤ ምርመራውም ጥርሱም ከዚያ ይወጣል። ከባድ ቀዶ ሕክምና ቢመጣ ይህ ሒሳብ አይበቃም፤ ያ እውነት ነው። ቡችላ ያላችሁ ሰዎች ግን ፋይላችሁ ነጭ ሳለ ዛሬውኑ ግቡ፤ ጉልበቱ ሁለቱም አሉ። ሽማግሌ ውሻ ያላችሁ፣ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት የማይከፈለውን ዝርዝር አንብቡ፤ የሚከፈለው ማስታወቂያው ላይ አለ።

እሑድ ቤታችን ለምትመጡ ወዳጆች አንድ ልመና አለኝ። ዶሮ ወጥ የሚሠራው በሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ደግሞ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ወይንና ዘቢብ፣ ቸኮሌት፣ ስኳር የለውም የሚባለው ማስቲካም አይሆኑለትም። ስለዚህ ሻምበል ጠረጴዛው ሥር ሆኖ፣ በልቶ እንደማያውቅ ቢያያችሁ አትመኑት፤ ዘጠኙን ፓውንድ አስታውሱ። ግድ ልትሰጡት ካሰባችሁ፣ ወጥ ቤት መደርደሪያው ላይ የተከተፈ ካሮት አለ። እናቴንም ጠብቁልኝ።